የማሽላ ዘር በሐብሩ፦ ከገበሬው ጎተራ እስከ ሲሪንቃ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ሲገባ፣ ከመርሳም ተነስቶ ሲሪንቃን ሲያቋርጥ፣ በክረምት ወራት በግራም በቀኝም ዓይን የሚሞላው ማሽላ ነው። በሰሜን ወሎ ዞን ሐብሩ ወረዳ በቆላውና በወይና ደጋው ለሚኖረው አርሶ አደር ማሽላ ከአንድ ሰብልነት ያለፈ ነገር ነው። እህሉ እንጀራ፣ ቆሎ፣ ንፍሮና ጠላ ይሆናል። ቅጠሉና አገዳው የከብት መኖ፣ የምድጃ ማገዶ፣ የአጥርና የጎጆ መሥሪያ ነው። ማሽላው የከዳው ቤተሰብ እህል ብቻ ሳይሆን በሬውንም ያጣል።

የማሽላ ገበሬ የዓመቱን ትልቅ ውሳኔ የሚወስነው በሚያዝያ ነው። የበልጉ ዝናብ በጊዜው ከጣለ ረዥም ጊዜ የሚፈልገውን፣ ቁመተ ረዥሙን የአገሩን ማሽላ ይዘራል፤ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥም ይጠብቀዋል። ሚያዝያ ሳይዘንብ ካለፈ ግን የቀረው አማራጭ በሐምሌ መግቢያ በአራት ወር ገደማ የሚደርስ ዘር ማሳው ላይ ማዋል፣ አለዚያም ወደ ጤፍና ወደ ሌላ ሰብል መዞር ነው።

ችግሩ የሚያዝያ ዝናብ በተከታታይ ዓመታት ሲቀር ነው። የአገሩ ዘር አንድ ዓመት በጎታ ያድራል፤ በሁለተኛው ይነቅዛል ወይም ይበላል፤ በሦስተኛው ከቤቱ ይጠፋል። ቶሎ የሚደርሰው ዘር የዛሬውን ረሃብ ይመልሳል፣ የአገሩ ዘር ደግሞ የነገ መድኃኒት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆየት የሐብሩና የአካባቢው ገበሬ፣ የተመራማሪውና የጎረቤት ማኅበረሰቡ የጋራ ሥራ ነው። እስካሁን የመጣው መልካም ለውጥም የተገኘው እነዚህ ሦስቱ ሲነጋገሩ ነው።

ወተት በጉንጬ

በወሎ ስማቸው ጣዕማቸውን የሚናገር ማሽላዎች አሉ። «ወተት በጉንጬ» አንዱ ነው፤ «ማር ጩቄ» ሌላው። እ.ኤ.አ በ1973 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲንግ እና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ሁለት የማሽላ ዓይነቶች በውስጣቸው ያለው የላይሲን መጠን ከተለመደው ማሽላ እጅግ የላቀ መሆኑን ለዓለም አሳወቁ። ላይሲን ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኘው የፕሮቲን ክፍል ነው፤ በተለይ ለሕፃናት ዕድገት ያስፈልጋል፤ ማሽላ ደግሞ በተፈጥሮው በእጅጉ የሚጎድለው ይኸው ነው። የሁለቱ ዘሮች መገኛ ወሎ ነበር። ግኝቱ በወጣበት ወቅት ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም በደረሰው ከባድ ረሃብ ልጆቹን እየቀበረ ነበር።

እነዚህን ዘሮች ያቆያቸው ገበሬው ነው። እንደ ዶክተር ብርሃኔ ገብረኪዳን ያሉ የአገራችን የማሽላ ተመራማሪዎች በኋላ ባደረጉት ጥናት እንደታየው፣ የወሎ ገበሬ እነዚህን ማሽላዎች ለብቻቸው በሰፊ ማሳ አይዘራቸውም። ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ምርታቸውም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ጥቂት ይዘራል፤ ፍሬው ለጋ ሳለ ቆርጦ እሸቱን ይጠብሳል፤ ቤተሰቡም ይበላዋል። ዘሩ በኪሎ ብቻ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ በተጣለ ነበር። ገበሬውና የቤት እመቤቷ ግን በጣዕም መዘኑት፤ ሳይንስ የደረሰበትም ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

አቀንጭራ እና የሲሪንቃ ሥራ

የአክስቴል ተማሪ ከነበሩት አንዱ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። በምዕራብ ሸዋ ተወልደው፣ በጅማና በዓለማያ ተምረው ወደ ፐርዱ የሄዱት እኚህ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋሙ የማሽላ ዘሮች ላይ በሠሩት ሥራ ነው።

አቀንጭራን የሐብሩና የራያ ቆቦ ገበሬ ጠንቅቆ ያውቃታል። ሐምራዊ አበባዋ ከማሽላው ሥር ብቅ ሲል ጉዳቱ ከመሬት በታች ካለቀ ቆይቷል። ሥሯን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቃ ውኃውንና ምግቡን ትመጠምጣለች። አንዲቷ አቀንጭራ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዱቄት የሚመስል ዘር ትጥላለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የሚበቅለው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲቀሰቅሰው ነው።

የተመራማሪዎቹ ዘዴ ከዚህ ተነሳ። ሥሩ ይህን ቀስቃሽ ኬሚካል እጅግ በጥቂቱ የሚያመነጭ ማሽላ ከተገኘ አቀንጭራዋ ሳትነቃ ትቀራለች። በዚህ መንገድ የተገኙት «ጎብዬ» እና «አብሽር» በ1990ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ በኢትዮጵያ ለገበሬ ተለቀቁ። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስም ነው። አብሽር ደግሞ በወሎ ሰው አፍ «አይዞህ» ማለት ነው።

በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘውና በዚሁ በሐብሩ የተቋቋመው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ዝናብ ለሚያጥራቸው አካባቢዎች የሚሆኑ ዘሮችን ሲያወጣ ኖሯል። በ1999 ዓ.ም የተለቀቁት «ግራና አንድ» እና «ምስክር» ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ግራና ደግሞ የዚሁ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት።

ዘሩ ብቻውን ግን አቀንጭራን አያጠፋም። አረሙ የሚበረታው በደከመ አፈር ላይ ነው። ፍግና ኮምፖስት ያላየ፣ ዓመት በዓመት ማሽላ ብቻ የተዘራበት፣ ጎርፍ አፈሩን የጠረገው ማሳ ለአቀንጭራ የተመቸ ቤቷ ነው። ስለዚህ የሚቋቋመውን ዘር መጠቀም፣ ማሽላውን ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅ፣ በሽልሻሎ ጊዜ ትልሙን በየርቀቱ እየደፈኑ ዝናቡን ማሳው ውስጥ ማቆየት አብረው የሚሄዱ ሥራዎች ናቸው። ከተራራው ላይ የሚሠራው እርከንም ለታችኛው ማሳ የሚተርፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ገበሬው የጠየቀው አገዳ

ቶሎ የሚደርሱት ዘሮች መጀመሪያ ሲመጡ በየማሳው እንደታሰበው አልተስፋፉም። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም የሚል ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። ተመራማሪው በሄክታር ስንት ኩንታል ይገኛል ብሎ ሲለካ፣ ገበሬው በዚያ ላይ ስንት ሸክም አገዳ ይገኛል ብሎ ይለካ ነበር። አጭሩ ማሽላ እህል ሰጠ፤ በበጋ ለበሬው የሚቀርብለት ግን አነሰ። በዚያ ላይ የእንጀራው ልስላሴ፣ የዱቄቱ ቀለም፣ የመውቃቱ ቅለት፣ የወፉ ጉዳት ሁሉ በገበሬው ሚዛን ውስጥ ነበሩ።

ይህን ለማወቅ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ገበሬዎችን በመስክ ላይ አቁሞ ዘሩን ራሳቸው እንዲመርጡ የሚያደርገው አሳታፊ የዘር መረጣ የመጣው ለዚሁ ነው። በዚህ መረጣ ሴቶች ሲካተቱ ውጤቱ ይለያል፤ ጎተራውን የምትቆጣጠረው፣ ዱቄቱን የምታቦካው፣ ከምድጃው በላይ በጭስ የሚንጠለጠለውን የዘር ዘለላ የምትመርጠው በአብዛኛው እሷ ናትና። ጥሩ ተመራማሪ ዘር ይዞ ከመምጣቱ በፊት የማጀቱን ጥያቄ ይዞ ይሄዳል።

ያለ ጎረቤት የማይሆን ሥራ

ቶሎ የሚደርስ ማሽላ አንድ ገበሬ ብቻውን ሲዘራው የወፍ ሲሳይ ይሆናል። በዙሪያው ያለው የአገሩ ማሽላ ገና ሳያፈራ የእሱ ብቻ ስለሚደርስ የአካባቢው ወፍ ሁሉ በዚያች አንዲት ማሳ ላይ ይሰፍራል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ቢጠብቁም አይችሉትም። አምስትና አስር ጎረቤቶች በኩታ ገጠም አንድ ላይ ሲዘሩት ግን ጉዳቱም ጥበቃውም ይከፋፈላል።

አቀንጭራም እንዲሁ ናት። አንዱ ነቅሎ ሌላው ከተወ ነፋሱ፣ ጎርፉና የከብቱ እግር ዘሯን ወደ ንጹሑ ማሳ ይመልሰዋል። አበባዋ ወደ ዘር ሳይለወጥ በወንፈል መንቀል፣ አበባ ይዛ የተነቀለችውንም ሜዳ ላይ ሳይጥሉ ማቃጠል የቀበሌው የጋራ ሥራ ሲሆን ነው ውጤት የሚያመጣው። ለቅሶንና ሰርግን በቅሬ የሚያስተባብር ሕዝብ ለዚህ አዲስ ተቋም አያስፈልገውም፤ በቅሬው ስብሰባ ላይ የዘሩንና የአረሙን ጉዳይ አንድ አጀንዳ ማድረግ ይበቃል።

ዘሩ የት ይቀመጥ?

በ1977 ዓ.ም ድርቅ ብዙ ቤተሰብ ለዘር ያስቀመጠውን እህል እስከመብላት ደርሷል። ያን ጊዜ የአገሪቱን የዕፅዋት ዘር ማዕከል ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ በድርቅ በተመቱ አካባቢዎች ሊጠፉ የተቃረቡትን የአገር ዘሮች በማሰባሰብ ሥራ ማዕከሉን አንቀሳቀሱ። ከዚያም አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ አየሩም በሽታውም ሲለወጥ እሱ ባለበት ይቆማል፤ ገበሬው ማሳ ላይ ካለ ግን አብሮ ይለወጣል የሚል እምነት ነበራቸው። በዚህም በሸዋና በወሎ ከገበሬዎች ጋር የአገር ዘሮችን በማሳ ላይ የማቆየት ሥራ ተጀመረ፤ በወሎ በዋናነት የተያዘው ማሽላ ነበር። እ.ኤ.አ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። ያ ማዕከል ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

የዚህ አስተሳሰብ ዋጋ በቅርቡም ታይቷል። በ2014 ዓ.ም በአካባቢው በነበረው ጦርነት የሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። የብዙ ዓመት የምርምር ሥራ በአንድ ግቢ ሲቀመጥ ምን ያህል ለአደጋ እንደሚጋለጥ ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ። በሌላ በኩል የገበሬው ጎታ ብቻውንም አስተማማኝ አይደለም፤ ድርቅ ሲመጣ ዘሩ ይበላል። መፍትሔው ዘሩን በሁለቱም እጅ ማድረግ ነው። ማዕከሉ ሲጎዳ ከገበሬው ይወስዳል፤ ገበሬው ሲቸገር ከማዕከሉ ይቀበላል። ዘርን እያበደረ በምርት ጊዜ በዘር የሚያስመልስ የማኅበረሰብ የዘር ባንክ ደግሞ በሁለቱ መካከል ድልድይ ይሆናል።

ይህ የመብትም ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቦች ለዘመናት ባቆዩት የዘረመል ሀብትና ዕውቀት ላይ መብት እንዳላቸው፣ ከሚገኘው ጥቅምም ሊካፈሉ እንደሚገባ ደንግጓል። ወተት በጉንጬን ያቆየ ገበሬ በሕግ ፊትም የመብት ባለቤት ነው።

ከመኸሩ አጨዳ በፊት

በዚህ ጉዳይ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለዘር የሚሆነውን ዘለላ ከአውድማ ሳይሆን ከማሳው፣ ማሽላው ቆሞ ሳለ መምረጥ ይገባል። አቀንጭራ ካለበት አካባቢና ከማሳው ጠርዝ ርቆ፣ ከመካከል ካለው ጤነኛና ሙሉ ዘለላ ይወሰዳል። በደንብ ደርቆ፣ ስሙ ተለይቶ፣ ከሚበላው እህል ተነጥሎ ይቀመጥ። ሚያዝያ ሳይዘንብ ቢያልፍና ቶሎ የሚደርሰው ዘር ግድ ቢሆን እንኳ፣ ከማሳው ጥግ ጥቂት ትልም ውኃ በሚያገኝበት ቦታ ለአገሩ ዘር ይተውለት። ከተገኘው ዘር ላይ ጥቂቱን ለጎረቤት ማካፈል ደግሞ ራስን መጥቀም ነው፤ የራስ ዘር በጠፋ ዓመት የሚመለሰው ከዚያው ነው።

ከግብርና ባለሙያዎች በኩል የሚጠበቀው ደግሞ የዘር ከረጢት ይዞ ወደ ቀበሌ ሲወርዱ ባዶ ከረጢትም አብሮ መያዝ ነው። በአንዱ የምርምሩን ዘር ያደርሳሉ፤ በሌላው ከየቤቱ የቀረውን የአገር ዘር ናሙና፣ ከነስሙና ከነጠባዩ መዝግበው ወደ ሲሪንቃ ይመልሳሉ።