የሳንቲም ፕሮብሌምና የጎደለው እኩልዮሽ



ገለጻዬን ከዚሁ ከየካ ልጀምር። በስሙኒ ዕቃ ይገዛ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት እናት ከእንጦጦ ተዳፋት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ወረዱ፤ ሸጠው ያገኙትንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ እንበል። በቋጠሮው ውስጥ 10 ፍሬ ሳንቲሞች አሉ፤ ባለ 10፣ ስሙኒ የምንለው ባለ 25 እና ሽልንግ የምንለው ባለ 50። ድምሩ 2 ብር ነው። ከየዓይነቱ ስንት ስንት አለ?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወዲያው ሁለት እኩልዮሽ ይጽፋል፤ አንዱን ለብዛቱ፣ ሌላውን ለዋጋው። ያልታወቁት ቁጥሮች ግን ሦስት ናቸው። ስለዚህ «አንድ እኩልዮሽ ጎድሏል» ብሎ እርሳሱን ያስቀምጣል። ማንኛውም ክፍልፋይ በሚፈቀድበት ቦታ ቢሆን ኖሮ አንድ ቁርጥ መልስ ባልተገኘ ነበር። ሳንቲም ግን ለሁለት አይሰነጠቅም፤ ብዛቱም ከዜሮ አያንስም። በጥያቄው ላይ ያልተጻፉት እነዚህ ሁለት ሁኔታዎች የሦስተኛውን እኩልዮሽ ሥራ ይሠራሉ።

ሁሉም ባለ 10 ናቸው ብለን እንነሣ። ድምሩ 1 ብር ይሆናል፤ 100 ሳንቲም ይጎድላል። አንዱን ባለ 10 በስሙኒ ብንተካው 15፣ በሽልንግ ብንተካው ደግሞ 40 ሳንቲም ይጨመራል። እንግዲህ የቀረን 100ን ከ15ና ከ40 መገንባት ብቻ ነው። ሽልንግ ከሌለ፣ 100 ለ15 ያለ ቀሪ አይካፈልም። 1 ሽልንግ ካለ 60 ይቀራል፤ ይህም 4 ስሙኒ ነው። 2 ሽልንግ ካለ 20 ይቀራል፤ አይሆንም። 3 ከሆነ ከ100 ያልፋል። ስለዚህ 1 ሽልንግ፣ 4 ስሙኒ፣ 5 ባለ 10። ሌላ መልስ የለም።

ድምሩን ወደ 2 ብር ከ20 ብናሳድገውስ? የሚጎድለው 120 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ 8 ጊዜ 15ም፣ 3 ጊዜ 40ም ነው። 8 ስሙኒና 2 ባለ 10፣ ወይም 3 ሽልንግና 7 ባለ 10፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ዛሬ ስሙኒን በእጁ ይዞ የማያውቅ ተማሪ ስለ በዛ፣ ሳንቲሞቹን በብር ኖቶች እንተካ የሚል ሐሳብ ይነሣል። አልቃወምም፤ ነገር ግን ስም መለወጥ ብቻ አይበቃም። 10 ኖቶች ይሁኑ፤ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100፤ ድምራቸውም 200 ብር። አሁን የሚጎድለውን 100 ከ40ና ከ90 መገንባት አለብን፤ ይህ ደግሞ ከቶ አይቻልም። ያው ጥያቄ የሚመስለው መልስ አልባ ሆነ።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ ለመጀመሪያው ጥያቄ ያለ አንዳች እኩልዮሽ «5፣ 4፣ 1» ብላ መለሰች። «ዘዴው አልታየም» ብዬ ግማሹን ነጥብ ቀነስሁባት። በወረቀቷ ኅዳግ ላይ ግን «ሽልንግ 0 አይሆንም፣ 2 አይሆንም፣ 3 ያልፋል» የሚል በእርሳስ ተጽፎ ነበር። ማረጋገጫው እርሱ ነበር፤ እኔ እንደ ሙከራ ጽሑፍ ቆጥሬ አለፍሁት።