ከሥራ ገበታ ወደ ሦስተኛ ዲግሪ፤ የማመልከቻውና የወጪው ጉዳይ

መግቢያ

በአገራችን ስለ ሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ሲነሣ ባብዛኛው በአሳብ የሚመጣው ከሁለተኛ ዲግሪ በቀጥታ የተሻገረ ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት በፋብሪካ፣ በግንባታ ወይም በኃይል ማመንጫ ሠርቶ ወደ ትምህርት መመለስ የሚሻው ባለሙያ በዕቅዶቻችን ውስጥ ጎልቶ አይታይም። ይሁንና የቴክኒክ ኮሌጆችና የምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች፣ ተመራቂዎቻቸው ትምህርቱን እንጂ ሥራውን አያውቁትም የሚለውን ወቀሳ ሲሰሙ ኖረዋል። ይህን ወቀሳ ሊያቃልል የሚችለው ሰው ከደጅ ቆሞ ሳለ መግቢያውን አለማመቻቸት ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ባለሙያ ማመልከቻውን እንዴት ማዘጋጀት፣ ወጪውንስ ከየት መሸፈን እንደሚችል መግለጽ፣ እንዲሁም መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች ሊያግዙት የሚችሉበትን መንገድ ማመልከት ነው።

የአንድ ጎረቤት ጉዳይ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሚኖርበት በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና አካባቢ፣ በአንድ ፋብሪካ የቦይለር ክፍል ለ14 ዓመታት ያገለገለ መካኒካል መሐንዲስ አለ። ሁለተኛ ዲግሪውን ያገኘው በማታው ክፍለ ጊዜ ተምሮ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዶክትሬት ማመልከቻውን ረቂቅ ይዞ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ከትምህርት ርቄ መቆየቴን ምን ብዬ ላስረዳ?» ሲል ጠየቀ። ረቂቁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የይቅርታ ደብዳቤ ይመስል ነበር።

የአቅራቢው ምክርም የተሻለ አልነበረም። ከቅርብ ጊዜ መጽሔቶች አንድ አዲስ ርእስ መርጦ የሥራ ዘመኑን በሁለት መስመር ብቻ እንዲጠቅስ መከረው። የጥናት ዕቅዱ ከአንድ ፕሮፌሰር ዘንድ ተመልሶ ሲመጣ በኅዳጉ ላይ «ጥያቄው የአመልካቹ አይመስልም» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት ነበር። ማስታወሻው ትክክል ነበር።

ጥያቄው የነበረው በሌላ ቦታ ነው። መሐንዲሱ በየፈረቃው የነዳጁንና የውሃውን መጠን በግል ደብተሩ ሲመዘግብ ኖሯል። የከተማው ውሃ ተቋርጦ ፋብሪካው በጉድጓድ ውሃ በሚሠራባቸው ወራት፣ በቦይለሩ ቱቦዎች ውስጥ የሚጋገረው ቅርፊት እየወፈረ የነዳጁም ፍጆታ እየጨመረ እንደሚሄድ አስተውሏል። ነገሩ በማንኛውም ቤት የውሃ ማፍያ ውስጥ የሚታይ ነው፤ በውሃው ውስጥ የሟሟው የካልስየምና የማግኒዝየም ውሁድ ውሃው ሲግል ከብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ቅርፊቱም ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ ያንኑ እንፋሎት ለማግኘት ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ግድ ይሆናል። ጉዳቱ በየውሃው ዓይነት ምን ያህል ነው? በአገር ውስጥ በሚገኝ የማጣሪያ ዘዴስ ምን ያህል ሊቀነስ ይችላል? ከመጽሐፍ ብቻ የተነሣ ተማሪ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የ14 ዓመቱ ደብተር የለውም።

እንዲህ ያለው ጥያቄ በአንድ ፋብሪካ ግቢ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በኮልፌ ቀራኒዮና በንፋስ ስልክ ላፍቶ አዋሳኝ ላይ የሚገኘው የረጲ የቆሻሻ ክምር፣ ነዋሪው «ቆሼ» የሚለው፣ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ገድሏል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ክምር በምን ምክንያት ይናዳል? ዝናብ የጠጣ ቆሻሻስ እንዴት ይነዳል? እነዚህን ጥያቄዎች በየዕለቱ የሚያያቸው በሥራው ላይ ያለ ሰው ነው። ያየው ነገር ወደ ምርምር የሚደርስበት መንገድ ከሌለ፣ ዕውቀቱ ከእርሱው ጋር ጡረታ ይወጣል።

ስለ ማመልከቻው አዘገጃጀት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው በ1971 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዶክትሬት ትምህርት የተከተለው በ1980 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመውን የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመሳሰሉ ተቋማት ሲጨመሩ፣ ባለሙያው ከቤተ ሰቡ ሳይርቅ ሊማርበት የሚችልበት ዕድል ከቀድሞው ሰፍቷል። አመልካቹ የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ቢፈጽም ይጠቀማል።

ሀ) የሥራ ዘመኑን በጥያቄ መልክ ይጻፍ። «14 ዓመት ሠርቻለሁ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ምን እንዳስተዋለ፣ ምን እንደ መዘገበ፣ የቱን መፍታት እንዳቃተው በአንድ ገጽ ያስፍር።

ለ) ከማመልከቻው በፊት አማካሪ ይፈልግ። የትምህርት ክፍሉ መምህራን ያሳተሟቸውን ጽሑፎች አንብቦ፣ ጥያቄው ከማን ሥራ ጋር እንደሚገናኝ ለይቶ ያነጋግር።

ሐ) ማስረጃዎቹን ቀደም ብሎ ያሰባስብ። ኦፊሴላዊው የውጤት ማስረጃ ከቀድሞው ተቋም በቀጥታ የሚላክ በመሆኑ ጊዜ ይወስዳል። ከሁለቱ የድጋፍ ደብዳቤዎች አንዱን ከቀድሞ መምህሩ፣ ሌላውን ሥራውን በቅርብ ከሚያውቅ የቴክኒክ ኃላፊ ቢያገኝ ሚዛን ይጠብቃል።

መ) ለመግቢያ ፈተና ይዘጋጅ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንደ ቅድመ ሁኔታ ስለሚጠየቅ፣ ከሒሳብና ከንባብ የራቀ ባለሙያ የጥቂት ወራት ልምምድ ያስፈልገዋል።

ስለ ወጪው

ብዙዎች ወጪ ሲሉ የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ያስባሉ። ሒሳቡ ግን ሦስት ዐምድ ሊኖረው ይገባል፤ የትምህርቱ ክፍያ፣ የጥናቱ ወጪ፣ ማለትም ናሙና፣ የላቦራቶሪ ምርመራና ጉዞ፣ እንዲሁም በትምህርቱ ዘመን የሚቀረው ደመወዝ። ቤተ ሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ሆኖ ሳለ፣ ባብዛኛው የሚዘነጋውም እርሱው ነው።

የወጪው ምንጭ አንደኛ ቀጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛ ዩኒቨርሲቲው፣ ሦስተኛ የውጭ የትምህርት ዕድል ሰጪዎች ናቸው። በሦስተኛው ረገድ የዕድሜና የጊዜ ገደቦችን አስቀድሞ መመርመር ያሻል። የጃፓን መንግሥት የምርምር ተማሪነት ዕድል ባመዛኙ ከ35 ዓመት በታች ለሆኑ፣ የቻይና መንግሥት የዶክትሬት ዕድል ከ40 ዓመት በታች ለሆኑ አመልካቾች የሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተው የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት በብዙዎቹ መርሐ ግብሮቹ የመጨረሻው ዲግሪ ከተገኘ ከስድስት ዓመት እንዳይበልጥ ይጠይቃል። በአንጻሩ በማሪ ስክሎዶውስካ ኪዩሪ ስም የሚጠራው የአውሮፓ ኅብረት መርሐ ግብር የዕድሜ ገደብ የለውም፤ ተመራማሪውንም በሥራ ውል ቀጥሮ ደመወዝ ይከፍለዋል። መመሪያዎች ስለሚለዋወጡ የየዓመቱን ማስታወቂያ ማንበብ ግዴታ ነው። የ37 ዓመቱ ጎረቤታችን ከእነዚህ በሮች አንዳንዶቹ በዕድሜው ምክንያት ብቻ እንደ ተዘጉበት ያወቀው ማመልከቻውን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነበር።

ከገንዘብ የሚቀድም ጉዳይ

መሐንዲሱ ዕቅዱን በደብተሩ ላይ መሥርቶ እንደ ገና ሲጽፍ ተቀባይነት አገኘ። ሆኖም የፈቃዱ ደብዳቤ በቀጣሪው ዘንድ ከአንዱ ኮሚቴ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የምዝገባው ቀን አለፈና ቦታው ቀረበት። ያን ቀን ማታ ደብተሩን ለአቅራቢው አስረክቦ፣ «እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ፤ እኔ ዘንድ ካለ እጥለዋለሁ» አለ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የፈቃዱ ውል ከማመልከቻው ጋር ጎን ለጎን እንጂ ከቅበላው በኋላ ሊጀመር አይገባም። በውሉም የፈቃዱ ርዝመት፣ የሚቀጥለው ደመወዝ መጠን፣ ከትምህርት በኋላ ያለው የአገልግሎት ግዴታና ትምህርቱ ቢቋረጥ የሚከተለው ኃላፊነት በጽሑፍ መስፈር አለባቸው። መሐንዲሱ በተከታዩ ዓመት ሙሉ ፈቃድ መጠየቁን ትቶ ሌላ አሳብ አቀረበ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ነጻ ሆኖ እንዲማር፣ የቦይለሩ ክፍል የጥናቱ ቦታ እንዲሆን፣ ውጤቱም ለፋብሪካው እንዲሰጥ። ሥራ አስኪያጁ የነዳጁን ሒሳብ ከደብተሩ ላይ ባየ ጊዜ ውሉን ፈረመ።

ለዕቅድ አውጪዎች

አንድ ሰው በግል ጥረቱ ያገኘውን መንገድ ሌሎች አገሮች ሥርዓት አድርገውታል። ዴንማርክ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ፈረንሳይም ሲፍር በተባለው ውል ከእ.ኤ.አ. 1981 ወዲህ፣ ተማሪው የድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ሦስት ዓመት ምርምር እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ፤ መንግሥት ለድርጅቱ ከወጪው ከፊሉን ይደጉማል። በእኛም ዘንድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን ጋር ባደረገው የረጅም ዘመን ትብብር፣ ተማሪው ከፊሉን ጊዜ በውጭ፣ ከፊሉን በአገሩ የሚያሳልፍበት አሠራር ተሞክሯል። ትምህርትን ከሥራ ቦታ ሳይነጥሉ መስጠት ለአገራችን እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

በመሆኑም ሦስት እርምጃዎች ሊታሰቡ ይገባል። የቅበላ ኮሚቴዎች የሥራ ልምድን የሚመዝኑበት ግልጽ መስፈርት ቢኖራቸው፤ ዩኒቨርሲቲና ድርጅት በጋራ የሚፈርሙት አንድ ወጥ የፈቃድ ውል ቢዘጋጅ፤ ከድርጅቱ ባለሙያዎች አንዱ ሁለተኛ አማካሪ እንዲሆን ቢፈቀድ። ሦስቱም ከገንዘብ ይልቅ ስምምነትን የሚጠይቁ ናቸው።

ማጠቃለያ

በሥራ ያለፈ ዘመን ከትምህርት የጎደለ ዘመን ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ በአግባቡ ከተመዘገበ የምርምር ጥሬ ሀብት ነው። መምህራን ይህን ለመርዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። በማታው ክፍል ከፊታቸው የሚቀመጡትን ሠራተኞች በሥራቸው ያዩትን እንዲመዘግቡ ቢያለማምዷቸው ጅምሩ ተሟላ ማለት ነው። የመሐንዲሱ ደብተር ከአቅራቢው መደርደሪያ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል፤ ዛሬም በየፈረቃው ይሞላል።