ግድግዳው ምን ይጠጣል? የሲሊኮን ቺፕ አዘገጃጀት በሥነ ሕይወት ላቦራቶሪ



የዛሬው ርዕሳችን ከፖስታ ቴምብር ብዙ የማይበልጥ፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ ቁራጭ ነው። ውስጡ ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉበት። ስፋቱ 100፣ ከፍታው 50 ማይክሮሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ቦይ የሚይዘው ፈሳሽ 50 ናኖሊትር ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቁሱ ፖሊዲሜቲልሲሎክሴን፣ በአጭሩ ፒዲኤምኤስ ይባላል። ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሲሊከን ላይ ሁለት የሜቲል ቡድኖች ተንጠልጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በሃርቫርድ የጆርጅ ኋይትሳይድስ ቡድን በዚህ ቁስ ቦዮችን ፈጥኖ የመሥራትን ዘዴ ካሳተመ ወዲህ የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ቺፕ ከሌላ ሰው መጠበቃቸው ቀረ።

አሠራሩ በቅርጽ ማውጫ ይጀምራል። በሲሊከን ሰሌዳ ላይ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጠነክር ኤፖክሲ ተቀብቶ የቦዮቹ ቅርጽ ጎልቶ እንዲወጣ ይደረጋል። እንጀራ ከምጣድ እንዲነሳ ምጣዱ እንደሚታሰስ ሁሉ፣ ሰሌዳውም አስቀድሞ በሲሌን ትነት ካልተሸፈነ ጎማው ተጣብቆ ሁለቱንም ያበላሻል። ቀጥሎ እንደ ማር የወፈረው ፈሳሽና ማጠንከሪያው በክብደት 10 ለ1 ይደባለቃሉ። ድብልቁ በደንብ መማሰል አለበት፤ በማማሰል የገባው አረፋ በቫኪዩም ይወጣል። ከዚያ በሰሌዳው ላይ ፈስሶ በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአራት ሰዓት ያህል ይቆያል። እዚህ ላይ ጓንታችሁን ተመልከቱ። ማጠንከሪያው የሚሠራው በፕላቲነም ካታሊስት ስለሆነ፣ ከላቴክስ ጓንት የሚመጣ ጥቂት ድኝ እንኳ ያመክነዋል፤ የነካችሁት ቦታ እንደተልቆሰቆሰ ይቀራል።

የጠነከረው ጎማ ተልጦ የፈሳሽ መግቢያና መውጫ ይበሳለታል። ከዚያም እሱና የመስታወት ስላይዱ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ በኦክስጅን ፕላዝማ ይመታሉ። ፕላዝማው የገጹን ሜቲል አስወግዶ በምትኩ የሃይድሮክሲል ቡድኖችን ይተክላል፤ ሁለቱ ገጾች ሲነካኩም በኮቫለንት ትስስር ይያያዛሉ። ገጹ ለጊዜው ውሃ ወዳድ ይሆናል። ነገር ግን ከውስጥ የሚወጡት አጫጭር ሰንሰለቶች በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ስለሚመልሱት፣ ቦዩን ወዲያው በውሃ መሙላት ይሻላል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የፒዲኤምኤስ ሰንሰለቶች ልል ናቸው። ኦክስጅን በመካከላቸው በቀላሉ ስለሚያልፍ ሕዋሳት በተዘጋ ቦይ ውስጥ ይተነፍሳሉ። በዚያው ክፍተት ግን ውሃ የሚሸሹ ትናንሽ ሞለኪውሎችም ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቶፕኬና ቢቢ፣ ናይል ሬድ የተባለው ቀለም ከቦዩ ወደ ግድግዳው ዘልቆ እንደሚገባና በእጥበት በቀላሉ እንደማይለቅ አሳይተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ የቢቢ ባልደረቦች ኢስትራዲዮል የተባለው ሆርሞንም እንደሚሰረግ፣ ያልጠነከሩ የሲሊኮን ቅሪቶችም በተቃራኒው ወደ ሕዋሳቱ እንደሚገቡ ዘገቡ።

አሁን ወደ 50 ናኖሊትራችን እንመለስ። በዚህ መጠን ላይ ከፈሳሹ ይልቅ ግድግዳው እጅግ ይበዛል። አንድ ተማሪ 1 ማይክሮሞላር መድኃኒት አስገብቶ ሕዋሳቱ ሳይሞቱ ቢያገኛቸው፣ መድኃኒቱን ይቋቋማሉ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሕዋሳቱ ግን ያገኙት የዚያን ጥቂት ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሲባል ቺፑ ይጣል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የኢ. ኮላይ ባክቴሪያን ነጠላ ሕዋሳት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ትውልዶች መከታተል የተቻለው ምግቡ ሳያቋርጥ በሚፈስበት የፒዲኤምኤስ ቺፕ ነው። ለስኳር፣ ለጨውና ለመሳሰሉት ውሃ ወዳዶች ግድግዳው ብዙም አያሳስብም። ፕሮቲኖችም ወደ ውስጥ አይዘልቁም፤ ገጹ ላይ እንዳይለጠፉ ቦዩን አስቀድሞ በአልቡሚን ማጠብ ይረዳል። ለስቴሮይድና ውሃ ለሚሸሹ መድኃኒቶች ግን የገባውን ብቻ ሳይሆን የወጣውንም መጠን መለካት ግድ ነው፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ወደ መስታወት ቺፕ መዞር ይሻላል። ቺፑን አስቀድሞ በመድኃኒቱ ማጥገብ እንደ መፍትሔ ሲነገር እሰማለሁ። እኔ አልመክረውም፤ የጠገበ ግድግዳ መድኃኒቱ ከፈሳሹ ሲታጠብ የያዘውን መልሶ ስለሚለቅ፣ ንጹሕ ነው ያላችሁት ቦይ ለረጅም ጊዜ መድኃኒት ሲያንጠባጥብ ይቆያል።