ቀዶ ሕክምና የማይመልሰው ጠባሳ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያድነው ዓይን
ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድር በተበከለ አፈርና ውኃ እንዲሁም፣ ወዳጆቹን ባያስደስትም፣ በጥሬ ሥጋ ወደ ሰው ይገባል። አብዛኛው ሰው ሕመም አይሰማውም፤ በአንዳንዱ ግን ሬቲናን አስቆጥቶ ጠባሳ ይተዋል።

ብግነቱ የሚታከመው በመድኃኒት ነው፤ ጠባሳውን ቀዶ ሕክምና አይመልሰውም። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ብግነቱ ለሚያስከትላቸው ጉዳቶች ነው። የዓይን ሞራ ከሆነ ሐኪሞች ዓይኑ አብዛኛውን ጊዜ ለ3 ወራት ያህል ከብግነት እስኪያርፍ ይጠብቃሉ። ሬቲናው ከተላቀቀ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ሐኪሙ ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሱ 3 ቀዳዳዎች የዓይኑን ዝልግልግ ፈሳሽ አውጥቶ፣ ሬቲናውን በሌዘር አያይዞ፣ በጋዝ ወይም በሲሊኮን ዘይት ይደግፈዋል።

የሬቲና ሐኪሞች በአመዛኙ የሚገኙት በአዲስ አበባ በመሆኑ ጉዞው ራሱ ቀናት ይወስዳል። ድንገት ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ያየ አርሶ አደር አጨዳው እስኪያልቅ ሊቆይ አይገባም።