የዲሽ ኬብል ለአማተር ሬዲዮ አንቴና፦ የማዘግያ ኬብል አመራረጥ

እንደሚታወቀው የሬዲዮ ሞገድ በሕዋ ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በኮአክሲያል ኬብል ውስጥ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል። ይህ መዘግየት ለአንቴና ሥራ እንዴት እንደሚጠቅም በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

በአዳማ ሁለት ቀጥ ብለው የቆሙ አንቴናዎችን ተከልን እንበል። ድግግሞሹ 14.2 ሜጋኸርትዝ ቢሆን የሞገዱ ርዝመት 21.1 ሜትር ነው። አንቴናዎቹን በሩብ ሞገድ፣ ማለትም በ5.28 ሜትር አራርቀን፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ወዳለው የሚሄደውን ከረንት በ90 ዲግሪ ብናዘገየው ወደ አውሮፓ አቅጣጫ ሁለቱ ሞገዶች ይደመራሉ፤ በስተጀርባ ግን ይጠፋፋሉ።

መዘግየቱን የሚፈጥረው ወደዚያው አንቴና በሚሄደው መስመር ላይ የሚጨመረው ኬብል ነው። ርዝመቱም ሩብ ሞገዱ በኬብሉ የፍጥነት ምጣኔ ተባዝቶ ይገኛል። አርጂ-58 እና አርጂ-213 ውስጣቸው ጥቅጥቅ ያለ ፖሊኤትሊን፣ ምጣኔያቸውም 0.66 ስለሆነ 3.49 ሜትር ይበቃል። በአዳማ፣ በሞጆና በሻሸመኔ ለሳተላይት ዲሽ የሚውለው አርጂ-6 ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ አረፋማ ስለሆነ ምጣኔው ከ0.80 እስከ 0.85 ይደርሳል። በ0.82 ብናሰላ 4.33 ሜትር ያስፈልጋል። በዚህ ኬብል ላይ 3.49 ሜትር ብንቆርጥ የምናገኘው መዘግየት 72 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ሊጠፋ የሚገባው የኋላ ሞገድም ከፊተኛው ኃይል 40ኛ እጅ ያህል ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ለጥቂት ሜትር ኬብል የኃይል ብክነት ዋና ጉዳይ አይደለም፤ ዋናው ምጣኔውን በትክክል ማወቅ ነው። ለዚህም ኬብሉን ጥቂት አስረዝመን ቆርጠን፣ ጫፉን ክፍት ትተን በአንቴና መለኪያ እንፈትሸው። ኢምፔዳንሱ ወደ ዜሮ የሚጠጋበት የመጀመሪያው ድግግሞሽ ኬብሉ ሩብ ሞገድ የሚሆንበት ነው። ይህ ድግግሞሽ ወደ 14.2 እስኪወጣ ድረስ በትንሽ በትንሹ እንቁረጥ።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። የኬብሉ ዲግሪ ከከረንቱ መዘግየት ጋር የሚገጥመው የአንቴናው ኢምፔዳንስ ከኬብሉ 50 ወይም 75 ኦም ጋር ሲስማማ ነው። ጎረቤታም አንቴናዎች ደግሞ አንዱ የሌላውን ኢምፔዳንስ ይለውጣሉ። ስለዚህ በሁለቱም አንቴናዎች ሥር ያለውን ከረንት መለካት ይገባል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ የተቋቋመው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ ይህ ዘርፍ ለአገራችን ተማሪ እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል። ለማሠራጨት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኬብል ቆርጦ ለመለካት ግን ሜትርና ትዕግሥት ይበቃሉ።