ጅቡቲ ጠቅልሎ መግባት ያዋጣል?

በጥር ወር ጅቡቲ የወረደ አስመጪ ከተማዋን ቢወዳት አይፈረድበትም። የቀኑ ሙቀት ከ28 እና ከ29 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ምሽት ላይ የባሕር ነፋስ አለ፤ ዶራሌ ወደብም ከመሐል ከተማ ሩቅ አይደለም። ዕቃው እስኪወጣ ድረስ በየምልልሱ ለሆቴል ከሚከፍል ቤት ተከራይቶ፣ ቢሮ ከፍቶ፣ ሲሆን ቤተሰቡንም አምጥቶ ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥ እንደሚሻል ማስላት የሚጀምረውም በዚህ ጊዜ ነው። የስሌቱ ችግር በጥር መሠራቱ ነው።

አዲስ አበባ በዝናብ ተሸፍና ሰው ካፖርት በሚደርብበት በሐምሌ ወር ጅቡቲ ላይ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሌሊቱም ቢሆን ከ30 ዲግሪ እምብዛም አይወርድም። ኸምሲን የሚባለው ደረቅና አቧራማ ነፋስ ከበረሃው በኩል ሲነሣ ደግሞ መስኮት ከፍቶ ማደር የማይታሰብ ነው። ይህ ሁኔታ ከግንቦት መጨረሻ አንሥቶ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በመሆኑም ጅቡቲ ጠቅልሎ የመግባት ጥያቄ በሦስት ነገሮች መመዘን አለበት፤ በሙቀቱ ወራት ወጪ፣ ገቢው በሚገኝበት የገንዘብ ዓይነት፣ እንዲሁም ሥራው በእርግጥ ወደብ ላይ ሰው የሚፈልግ በመሆኑና ባለመሆኑ።

ሙቀቱም ወጪ ነው

ጅቡቲ የሚኖር ሰው በቀዝቃዛው ወራት በቬንቲሌተር ሊያልፍ ይችላል። በሙቀቱ ወራት ግን ቢያንስ አንድ የመኝታ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ኤር ኮንዲሽነር ይፈልጋል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በመስመር ወደ ጅቡቲ እየተላከ ቢሆንም፣ ለተጠቃሚው የሚደርሰው ዋጋ የአዲስ አበባን ቆጣሪ ለለመደ ሰው የሚያስደነግጥ ነው። ስለሆነም የዓመቱን ወጪ የአንድ ወር ሒሳብ በ12 በማባዛት ማወቅ አይቻልም። ሰባቱን ወር ለብቻ፣ አምስቱን ወር ለብቻ መሥራት ይገባል።

ከዚህም ሌላ አቅም ያለው የከተማዋ ነዋሪ ራሱ በዚህ ወቅት ቤተሰቡን ያሸሻል። ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው አርታ የሚወጣ አለ። ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ የሚከርምም አለ። እንግዲህ ነጋዴውም ልጆቹን በክረምቱ ወደ ሀገር ቤት የሚልክ ከሆነ ኪራዩን ሁለት ቦታ ይከፍላል ማለት ነው። «ዓመቱን ሙሉ» የተባለው ኑሮ በተግባር የሁለት ቤት ኑሮ ይሆናል።

ቤቱ የሚገኝበት ስፍራም ይታያል። እንደ ሀራሙስና ኤሮን ባሉት ሰፈሮች የሚገኙ ቪላዎች ዋጋ የሚወሰነው በነጋዴው አቅም ሳይሆን ኤምባሲዎች፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ከተለያዩ የውጭ ጦር ሰፈሮች ጋር የሚሠሩ ተቋራጮች ሊከፍሉ በሚችሉት መጠን ነው። ባልባላ ርካሽ ነው፤ ውኃና መንገዱ ግን እንደየቦታው ይለያያል። ዝናብ እምብዛም በማይዘንብበት ከተማ ጎርፍ ያሰጋል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ሆኖም የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ሞልቶ ሰው ገድሏል፤ በ2018 እና በ2019ም ከባድ ጎርፍ ደርሷል። መጋዘን የሚከራይ ሰው መሬቱ ዝቅተኛ መሆን አለመሆኑን ከዋጋው በፊት ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ፍራንኩ ቆሟል፤ ብሩ ግን ይንቀሳቀሳል

ሁለተኛውና ብዙ ነጋዴ አቅልሎ የሚያየው ጉዳይ የገንዘቡ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ሆኖ ጸንቷል። በሌላ አነጋገር ጅቡቲ ቤት የተከራየ ሰው ውሉ በፍራንክ ይጻፍ እንጂ ዕዳው የዶላር ዕዳ ነው።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ቤት ኪራይ በወር 100,000 ፍራንክ ነው ቢባል ይህ 563 ዶላር ገደማ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር ኪራዩ 32,000 ብር ያህል ነበር። ዶላሩ 120 ብር ሲደርስ ያው ኪራይ ከ67,000 ብር በላይ ሆኗል። አከራዩ አንድ ፍራንክ እንኳ አልጨመረም። የተከራዩ ወጪ ግን ከእጥፍ በላይ አድጓል።

ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። የአገልግሎት ዋጋውን በዶላር ወይም በፍራንክ የሚቀበል ትራንዚተር ወይም የጭነት አስተላላፊ ወጪውና ገቢው አብረው ስለሚሄዱ አይናጋም። ዕቃውን መርካቶ በብር ሸጦ ጅቡቲ ኑሮውን የሚደጉመው አስመጪ ግን በየወሩ ምንዛሪ ፈላጊ ነው። ይህንንም ከባንክ ካላገኘ ወደ ጥቁር ገበያ ይገፋል፤ ያ ደግሞ ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ ወጪውን ያንረዋል። የዕለት ቀለቡም እንዲሁ ነው፤ ከተማዋ የምትበላውና የምትለብሰው ከሞላ ጎደል ከውጭ የሚገባ ሲሆን አትክልቱና ፍራፍሬው በብዛት ከኢትዮጵያ የሚሄድ ነው። ሽንኩርቱ ከሀገሩ ወጥቶ በፍራንክ ይገዛል።

ለመሆኑ ሥራው ሰው ይፈልጋል?

ቀደም ባሉት ዓመታት ወደብ ላይ ሰው ያላስቀመጠ አስመጪ ዕቃው በዲመሬጅ ይበላበት ነበር። የመልቲ ሞዳል አሠራር ከተጀመረ በኋላ ግን ኮንቴይነሩን እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ የማድረስ ኃላፊነት የአጓዡ ሆኗል፤ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱም የሚፈጸመው ሀገር ውስጥ ነው። ዕቃው በዚህ መንገድ የሚገባለት አስመጪ ጅቡቲ ቢቀመጥም ኮንቴይነሩ ከዚያ ቀድሞ አይወጣለትም። ይልቅ ሞጆ ላይ ንቁ ወኪል ቢኖረው ይጠቅመዋል።

በዩኒ ሞዳል የሚያስገባው፣ ኮንቴይነር ውስጥ የማይገባ ጭነት ያለው ወይም የብዙ ደንበኞችን ሰነድ የያዘው ግን ሌላ ነው። መርከብ ሲዘገይ፣ ከባድ መኪና ሲጠፋ፣ አንዲት ሰነድ ስትጎድል በስልክ የማይፈታው በአካል ይፈታል። ጅቡቲ ዓርብ የዕረፍት ቀን መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። አዲስ አበባ ያለው ባንክ ዓርብ ሲሠራ የጅቡቲው ቢሮ ዝግ ነው፤ እሑድ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ጫት ከኢትዮጵያ ከሚደርስበት ከቀትር በኋላም ብዙ ጉዳይ አይጠናቀቅም። ስለዚህ የሁለቱን ሀገር ቢሮ የሚያገናኝ ሥራ በተግባር የሚሠራው በጥቂት የማለዳ ሰዓታት ነው። እዚያው ያለ ሰው ብልጫ የሚያገኘውም በእነዚሁ ሰዓታት ነው።

አሰብን ያየ

የመጨረሻው ሥጋት የወደቡ ዕጣ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ንግድ ዋናው በር አሰብ ነበር። በርካታ ኢትዮጵያውያን ትራንዚተሮች፣ የወደብ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ኑሯቸውን እዚያ መሥርተው ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ጦርነቱ ሲነሣ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ሰዎቹም ቤት ንብረታቸውን ትተው ወጡ።

የጅቡቲ ሁኔታ ከዚያ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል፣ በ2017 ሁለገቡ ወደብ ተከፍተዋል፤ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡርም እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። ይህን ያህል ካፒታል የፈሰሰበት መስመር በአንድ ሌሊት ባዶ አይሆንም። ይሁንና ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ መፈራረሟ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር መነጋገሯ፣ በአንድ በር ብቻ መኖር እንደማትፈልግ ያሳያል። ተከራይ ይህን ሊቋቋመው ይችላል። ያለውን ሁሉ ቤትና መጋዘን ላይ ያፈሰሰ ግን አብሮ ይናወጣል።

ማን ይግባ፣ ማን ይመላለስ?

ገቢው በዶላር ወይም በፍራንክ የሆነ፣ ብዙ ሰነድ የሚያንቀሳቅስና ቤተሰቡን በክረምት ሀገር ቤት የማክረም አቅም ያለው ሰው ጠቅልሎ ቢገባ ያዋጣዋል። ገቢው በብር የሆነውና ዕቃው በመልቲ ሞዳል የሚመጣለት አስመጪ ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሥራ በበዛበት ጊዜ እየተመላለሰ፣ ለቀሪው ጊዜ የታመነ ወኪል ቢይዝ ይሻለዋል። አውሮፕላኑ እንደሆነ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይፈጅም።

ቁርጥ ሐሳብ ያደረገም ቢሆን ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ውል ከስድስት ወር ሳያስበልጥ መያዝ። ሁለተኛ፣ ቤተሰቡን ከማምጣቱና ዕቃ ከመጫኑ በፊት አንድ ሐምሌ ለብቻው እዚያው መክረም። ከሐምሌው የመብራት ሒሳብ በኋላ የሚወሰደው ውሳኔ በጥር ከሚወሰደው ይልቅ የሚያስተማምን ነው።