አሮጌውን ኮምፒውተር ከመሰካትዎ በፊት

«ልጄ፣ እስቲ ይቺን ሶኬት ሰኪልኝ» አሉኝ አጎቴ፤ አሽቀሎን ባለው ቤታቸው ከዕቃ ማስቀመጫ ያወጡትን ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አድርገው። በ1982 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ኮሞዶር 64 ነው። እሳቸው በ1984 በሱዳን በኩል መጡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከፋብሪካ ደመወዛቸው ቆጥበው ከጎረቤት ገዙት። የበኩር ልጃቸው በልጅነቱ የጻፋት ትንሽ ጨዋታ በካሴት ተቀድታ እስካሁን አለች። ልጁ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ አጎቴም ለልጅ ልጆቻቸው ሊያሳዩዋት አስበዋል።

ሶኬቱን ይዤ ቆምኩ። የፈራሁት ኮምፒውተሩን አይደለም፤ አብሮት ያለውን ከባድ ሳጥን ነው። በዕብራይስጥ ሳፓክ ኮአሕ፣ እኛ ደግሞ ፓወር ሰፕላይ የምንለው።

የኮሞዶሩ ሳጥን ውስጡ በደረቀ ሙጫ የተሞላ ነው። ሙቀቱ መውጫ የለውም፣ ተከፍቶም አይጠገንም። ከዓመታት ብዛት ቮልቱን የሚቆጣጠረው ዕቃ ሲበላሽ፣ ኤሌክትሪኩ በመቋረጥ ፈንታ ሊጨምር ይችላል። 5 ቮልት መሆን ያለበት ከፍ ይልና አብዛኛውን ጊዜ የሜሞሪ ቺፖቹ ቀድመው ይቃጠላሉ። በመለኪያ ብታዩት ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ማሳየት አለበት። ግን ዛሬ ደህና ያሳየው ሳጥን ነገ ሊከዳ ይችላል፤ ስለዚህ እኔ ብለካውም አላምነውም።

«ታዲያ የስልኬ ቻርጀር 5 ቮልት አይደል?» አሉ አጎቴ። ጥያቄያቸው ጥሩ ነው። ችግሩ ይህ ኮምፒውተር ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፦ አንዱ 5 ቮልት ዲሲ፣ ሌላው 9 ቮልት ኤሲ። የድምፁ ቺፕና ካሴቱን የሚያዞረው ሞተር የሚሠሩት ከ9 ቮልቱ ነው። ያለ እሱ ካሴቷ ንቅንቅ አትልም።

አዲስ ሲገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በአምፔር ነው። ቮልቱ ልክ መሆን አለበት፤ አምፔሩ ግን ቢበልጥ ጉዳት የለውም፣ ማሽኑ የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ለ5 ቮልቱ ቢያንስ 1.5 አምፔር፣ ለ9 ቮልቱ 1 አምፔር ያህል ይበቃል። ቮልቱ ካለፈ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ ያለው ቢሆን ደግሞ ዋጋው ትንሽ ቢወደድም ይሻላል። መሰኪያው ገጠመ ማለትም ትክክለኛው ነው ማለት አይደለም፤ ለዚሁ ሞዴል የተሠራ መሆኑን ጠይቁ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «እዚህ በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ልላክላችሁ» ቢላችሁ አመስግናችሁ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አስነብቡት። የእነሱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 230። የእነሱን እዚህ ግድግዳ ላይ መሰካት ማቃጠል ነው።

አጎቴ አሮጌውን ሳጥን መጣል አልፈለጉም። «ለመታሰቢያ ይቀመጥ» አሉ። ማንም እንዳይሰካው ብዬ ገመዱን ጠቅልዬ በፕላስተር አሰርኩት።

አዲሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ስንሰካው ሰማያዊው ስክሪን በራ፤ 38911 የሚለው ቁጥርም ወጣ፣ ለፕሮግራም የቀረው ባዶ ቦታ ነው። ካሴቷን አስገብተን ስንጫን ሞተሩ ዞረ። ጨዋታዋ ግን መሀል ላይ ቆመች፤ ክሩ ተጨማዷል። አጎቴ ልጃቸው ጋ ደወሉና «ና፣ ያንተ ካሴት ናት፣ አንተው ታውቅበታለህ» አሉት። ለሻባት ይመጣል።